ጎግል ላይ አንደኛ መውጣትና መዝገብ ውስጥ መግባት

ዛሬ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ የሌላችሁ ለማታ አስቀምጡት።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ሥራው ስለ ፍለጋ ሞተሮች መጻፍ የሆነ አንድ ድረ-ገጽ አለ። ጎግል አሠራሩን በለወጠ ቁጥር ይዘግባል፤ ነጋዴዎች ገጻቸው ከፊት ረድፍ እንዲወጣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይመክራል። አንባቢ አለው፣ ማስታወቂያ አለው፣ ሠራተኛ አለው። ይህ ድረ-ገጽ ዊኪፒዲያ ላይ የራሱ ገጽ ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም?

«አገሩ በስንት ነገር ተወጥሮ ሳለ ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ከገንዘብ ጋር ባይመጣብኝ ኖሮ አላስበውም ነበር። ሳስበው ግን ስለ ፍለጋ ሞተር ከነገረኝ ይልቅ ስለ ራሳችን ሙያ የነገረኝ በለጠ፤ ለዚህ ነው ወደዚህ ያመጣሁት።

ከጥቂት ወራት በፊት በዲጂታል ማርኬቲንግ የሚሠራ የማውቀው ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ወንድሜ፣ እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው፣ ጋዜጠኛም ነህ። አንድ ቀላል ሥራ አለች» አለኝ። ውጭ አገር ያለ ድርጅት ስለ ፍለጋ ሞተሮች የሚጽፍ ድረ-ገጽ አለው፤ በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ ገጽ እንዲኖረው ይፈልጋል። ክፍያው በዶላር ነው፤ የሦስት ወር የቤት ኪራዬን ይሸፍናል። የድረ-ገጹን ስም አልጠቅስም፤ ብጠቅሰውም አታውቁትም። ልጁ አብሮ 31 ሊንኮች ያሉበት ፋይል ላከልኝ። «ማስረጃው ሁሉ እዚህ አለ። ደግሞ ራስህ ጎግል አድርገው፤ አንደኛ ነው የሚወጣው።»

የፍሪላንስ ጋዜጠኛ ኑሮ ምን እንደሚመስል ለምታውቁ ሰዎች ያን ቀን የተሰማኝን መግለጽ አያስፈልገኝም። እሺም እምቢም ከማለቴ በፊት ግን ገጹ ይገባዋል ወይ የሚለውን ራሴ ልመዝን ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ መለኪያው። የወረቀት ኢንሳይክሎፒዲያ አዘጋጅ ለአንድ ርዕስ ቦታ ሲሰጥ ሌላውን መተው አለበት። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ዊኪፒዲያ የቦታ ችግር የለበትም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ማንም ሊጽፍበት ስለሚችል ማንም ስለ ራሱ፣ ስለ ድርጅቱ፣ ስለ አጎቱ ሆቴል ይጽፍበታል። ስለዚህ በር አበጁለት። በሩ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ደግሞ በአጭሩ ይህ ነው፦ ከባለጉዳዩ ጋር ጥቅም የማይጋሩ፣ እምነት የሚጣልባቸው ጸሐፊዎች ስለዚህ ነገር በስፋት ጽፈዋል ወይ?

የእንግሊዝኛው ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ታዋቂነት» ይባላል። ትርጉሙ አይመቸኝም። ታዋቂ ስንል በዓይናችን የሚመጣው ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ሚሊዮን ተከታይ ያለው የቲክቶክ ልጅ ታዋቂ ነው። በሩ ላይ ያለው ጥያቄ ግን የተመልካች ብዛት አይቆጥርም። ከገበያ ይልቅ ለፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ምስክር አለህ ወይ? ምስክሩስ ዘመድህ ነው ወይስ ባዕድ? ቀበሮን «ምስክርሽ ማን ነው?» ቢሏት «ጅራቴ» አለች ይባላል። የዊኪፒዲያ ደንብ ብዙ ገጽ አለው፤ አብዛኛው ግን ጅራትን ከምስክርነት ለማስቀረት የተጻፈ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ ገጽ አይገባውም ብሎ ያመነ ሰው ለስረዛ ያቀርበዋል። ውይይቱ ቢያንስ 7 ቀን ክፍት ይሆናል። ይቆይ የሚል ምክንያቱን ይጽፋል፤ ይሰረዝ የሚልም እንዲሁ። ድምፅ ቆጥሮ መወሰን የለም። ውይይቱን የሚዘጋው ሰው የሚመዝነው የቀረበውን ማስረጃና ክርክር ነው። 40 ሰው መጥቶ «ድንቅ ድረ-ገጽ ነው፣ በየቀኑ አነበዋለሁ» ቢል፣ አንድ ሰው ይዞት የመጣውን አንድ ጥሩ የጋዜጣ ጽሑፍ አያህልም። በተለይ 40ዎቹ አካውንቶች በአንድ ቀን የተከፈቱ ሲሆኑ።

እንግዲህ ወደ 31ዱ ሊንኮች። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፤ እያንዳንዱን ከፍቼ አነበብኩ። 8ቱ የድረ-ገጹ የራሱ ገጾችና የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶቹ ናቸው። ጅራት። ቀጣዮቹ 7 መጀመሪያ ሲታዩ ያስደስታሉ፤ ሰባት የተለያዩ የዜና ድረ-ገጾች ናቸው። ሲነበቡ ግን አንድ ጽሑፍ ሆነው ተገኙ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ድርጅቱ ያወጣውን መግለጫ ተከፍሎት የሚያሰራጭ አገልግሎት በሰባት ቦታ ለጥፎታል። በአምስቱ ሊንኮች ደግሞ የድረ-ገጹ መሥራች በየፖድካስቱ ተጋብዞ ስለ ራሱ ያወራል። ሰውየው አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ቢሆንም ባለጉዳዩ በሌላ ሰው ማይክሮፎን መናገሩ ባዕድ አያደርገውም። አራቱ «በዚህ ዓመት ልታነቧቸው የሚገቡ 50 ድረ-ገጾች» የሚባሉ ዝርዝሮች ናቸው፤ ስሙ አለ፣ ሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፣ አለቀ።

ጊዜ የወሰዱብኝ ቀጥለው ያሉት አምስት ናቸው። እነዚህ ስለ ፍለጋ ሞተር የሚጽፉ ሌሎች ድረ-ገጾች ናቸው፤ ስለ ድረ-ገጹ ረዘም አድርገው ጽፈዋል፣ አወድሰዋል፣ አንዱ እንዲያውም ነቅፎታል። ባለሙያዎች ናቸው፤ የሚሉትን ያውቃሉ። ታዲያ ለምን አይቆጠሩም?

መልሱን ለማግኘት ሙያው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ሳሉ ያወጡት ፔጅራንክ የተባለው ስሌት ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አንድ ገጽ ለሌላ ገጽ ሊንክ ሲሰጥ እንደ ድጋፍ ይቆጠራል፤ ራሱ ብዙ ድጋፍ ያለው ገጽ የሚሰጠው ድጋፍ ደግሞ ከሌላው ይበልጣል። ምሁራን አንዱ የሌላውን ጥናት ሲጠቅስ እንደሚቆጠረው ማለት ነው። ሐሳቡ ራሱ የምስክር ሐሳብ ነው። ታዲያ ምስክር ገንዘብ ካመጣ ምስክር የሚያመርት አይጠፋም። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ያላዩትን አየን ለማለት የሚቀጠሩ ሰዎችን ታሪክ አባቶቻችን ሲያወሩ ሰምተናል። ኤስኢኦ የሚባለው ሙያ፣ ማለትም ገጽን በፍለጋ ውጤት ወደ ላይ የማውጣት ሥራ፣ ብዙ ቅን ሰዎች ያሉበት ቢሆንም አንዱ ክንፉ የቆመው በዚያ ደጃፍ ላይ ነው። በዚህ ሰፈር ሊንክ ገንዘብ ነው። ይጠቃቀሳሉ፣ አንዱ ለሌላው እንግዳ ሆኖ ይጽፋል፣ በአንድ ጉባኤ ይናገራሉ፣ ይሸላለማሉ። ይህን ሁሉ በተንኮል ያደርጉታል ማለቴ አይደለም፤ በብዛት የሙያ ባልደረብነት ነው። ነገር ግን ከውጭ ለሚያየው ሰው አድናቆቱንና ውለታውን መለየት አይቻልም። ለማይለይ ምስክርነት ደግሞ ሙሉ ዋጋ አይሰጥም።

ሁለት ሊንክ ቀረ። አንዱ የአንድ ትልቅ ጋዜጣ ጽሑፍ ነው። ስለ ጎግል ነው የተጻፈው፤ የድረ-ገጹ አዘጋጅ በመሐል ሁለት ዓረፍተ ነገር አስተያየት ሰጥቷል። ይህ አዘጋጁ በሙያው እንደሚታመን ያሳያል፤ ስለ ድረ-ገጹ ግን ምንም አይነግረኝም። የመጨረሻው የአንድ ክፍለ አገር የንግድ መጽሔት ነው። ሪፖርተሩ ቢሯቸው ድረስ ሄዷል፣ የቀድሞ ሠራተኛ አነጋግሯል፣ ገቢያቸው ከየት እንደሚመጣ ጠይቋል። ሳነበው ደስ አለኝ። ይህ ምስክር ነው። አንድ ነው እንጂ።

«ጎግል ላይ አንደኛ ነው» የሚለውን ደግሞ ለብቻው ልየው። ጎግል ላይ ብዙ ውጤት ማምጣት ለማንም ቢሆን ደካማ ማስረጃ ነው። ለዚህ ድረ-ገጽ ግን ጭራሽ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሥራው ጎግል ላይ ከፊት መውጣት ነው! ቁልፍ ሠሪ የጎረቤቱን በር ከፍቶ ስለ ገባ ቤተኛ ነው አይባልም። በሌላ ሙያ ያለ ሰው፣ አናጢም ይሁን ሐኪም፣ ሳይፈልገው ስሙ ጎግል ላይ ቢበዛ አንድ ነገር ሊያመለክት ይችላል። መታየትን ራሱን የሚሸጥ ነጋዴ መታየቱ የሚያመለክተው የሚሸጠው ዕቃ እንደሚሠራ ብቻ ነው።

ሚዛኔ ጠማማ እንዳይሆን በአንድ አንጋፋ ሞከርኩት። ዳኒ ሰሊቫን የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1996 ለድረ-ገጽ ባለቤቶች የፍለጋ ሞተሮችን አሠራር የሚያስረዳ መመሪያ አወጣ። ልብ በሉ፤ ጎግል በድርጅትነት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የዚያ ዘመን ስሞች አልታቪስታ፣ ኤክሳይት፣ ላይኮስ፣ ኢንፎሲክ ነበሩ፤ የትኛው ምን ያህል ገጽ እንደሚያውቅ፣ ውጤቱን በምን እንደሚደረድር ከድርጅቶቹ ውጭ የሚናገር ሰው ጥቂት ነበር። መመሪያው በማግሥቱ ዓመት ሰርች ኢንጂን ዎች ተብሎ ራሱን የቻለ ድረ-ገጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 አብሮት ከነበረው የጉባኤ ሥራ ጋር በ43 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሰሊቫን በ2006 ለቆ ሰርች ኢንጂን ላንድ የተባለውን ሌላ ድረ-ገጽ ከባልደረቦቹ ጋር መሠረተ፤ በ2017 ደግሞ ጎግል ውስጥ ገባ፤ ሥራው ጎግል ፍለጋን ለሕዝብ ማስረዳት ሆነ። ሃያ ዓመት ከውጭ ሆኖ ሲመረምረው የኖረውን ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ስለ መጨረሻው ብቻ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ሌላ ጊዜ።

ሰርች ኢንጂን ዎች ገጽ ይገባዋል? በእኔ ሚዛን ይገባዋል። የሰሊቫን ስም በየጋዜጣው መጠቀሱ አይደለም ያሳመነኝ፤ እነዚያ ጽሑፎች ስለ ጎግልና ስለ ያሁ ናቸው፤ የመሥራች ዝና ደግሞ ወደ ድረ-ገጹ በውርስ አይተላለፍም። የ43 ሚሊዮኑ ሽያጭም ብቻውን አልበቃኝም፤ ድርጅት ሲሸጥ ዜና መሆኑ የተለመደ ነው። ያሳመነኝ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሙያው ውጭ ያሉ ሰዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና ተመራማሪዎች፣ ስለ ፍለጋ ሞተሮች ሲጽፉ ወደ እርሱ ይመለሱ የነበረ መሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች ሊንክ አይሸጡም፤ ከሰሊቫን ጋር ጉባኤ አይካፈሉም። የድረ-ገጹን ታሪክ ሳይነካ የፍለጋ ሞተሮችን ታሪክ መጻፍ ይከብዳል። ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ሰርች ኢንጂን ላንድ፣ ብጠየቅ ግን ረዘም ላለ ጊዜ እከራከራለሁ። በጥራት ከመጀመሪያው ያንሳል ብዬ ሳይሆን፣ በእርሱ ዘመን ስለዚህ ሥራ የሚጽፈው በብዛት ሙያው ራሱ ስለሆነ።

ለልጁ ይህንኑ በአንድ ገጽ ጻፍኩለት። አንድ ጥሩ ምንጭ አለ፤ እንደዚያ ያለ ሁለት ሦስት ሲገኝ ተመለሱ አልኩት። በክፍያ የሚጽፍ ሰው ከፋዩን በግልጽ እንዲያሳውቅ የዊኪፒዲያ ባለቤት የሆነው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ እንደሚያስገድድም ነገርኩት። «ወንድሜ፣ አካብደኸዋል» አለኝ። «አንተ ባትሠራው ሌላ ይሠራዋል።» ሌላ ይሠራዋል። እሱ ላይ አልተከራከርኩም።

ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ይወጣል? ለሊንኩ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ወደ ውጭ የሚወጡ ሊንኮቹ ላይ «ይህን እንደ ድጋፍ አትቁጠሩት» የሚል ምልክት ለፍለጋ ሞተሮች አድርጓል። ነገር ግን ጎግል ከ2012 ጀምሮ ከፍለጋው ውጤት ጎን በሚያሳየው የመረጃ ሣጥን ከዊኪፒዲያ ይወስዳል፤ አሁን ሁላችን የምንጠይቃቸው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞችም ካነበቡት ውስጥ ዊኪፒዲያ አለ። ሰነፍ ጋዜጠኛም አለ፤ ከዊኪፒዲያ ገልብጦ ይጽፋል፤ የጻፈው ደግሞ ተመልሶ ለዚያው ገጽ ምንጭ ተደርጎ ይጠቀሳል። አንድ ጊዜ በሩን ያለፈ ምስክር የሌለው ገጽ ቀስ በቀስ ምስክሮችን ራሱ ይወልዳል።

በሩ የገበያ ቦታ መሆኑን የተረዱ ሰዎች እስከ ምን እንደሚሄዱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታይቷል። ኦሬንጅሙዲ የሚል ስም በተሰጠው ጉዳይ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ 381 አካውንቶችን በአንድ ጊዜ ዘጋ። ቡድኑ ገጻቸው ተቀባይነት ያጣባቸውን ትናንሽ ድርጅቶችና አርቲስቶች እየፈለገ «እኛ እናስገባላችኋለን» ብሎ ያስከፍል ነበር። ከገባ በኋላ ደግሞ ገጹ እንዳይሰረዝ የሚጠበቅበት ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቅ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው ራሱ ሌባው ሆኖ። የተጎዱት በአብዛኛው አቅም የሌላቸው ነበሩ፤ በሩ የማይከፈትላቸው።

እዚህ ድረስ ስታነቡ ለበሩ ጠባቂዎች ጥብቅና የቆምኩ መስሏችሁ ይሆናል። በአንድ ዓይን ብቻ እንዳላይ ሌላውን ወገን ልናገር።

ዶና ስትሪክላንድ በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደይ ወራት ስለ እርሷ የተጻፈ ረቂቅ ለዊኪፒዲያ ቀርቦ ተመለሰ፤ የተጠቀሱት ምንጮች ከእርሷ ነፃ የሆነ ሰፊ ሽፋን አያሳዩም ተብሎ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የኖቤል ሽልማት አገኘች። በፊዚክስ ኖቤል ያገኘች ሦስተኛ ሴት ናት። ገጹ በዚያው ቀን ተጻፈ። የገምጋሚው ስህተት ነው ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ ገምጋሚው ግን የተጠየቀውን ነው ያደረገው። ምስክር አምጡ አለ፤ ምስክሮቹ ስለ እርሷ አልጻፉም ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል በሌዘር ሳይንስ ውስጥ ስትሠራ በሯን ያንኳኳ ጋዜጠኛ ጥቂት ነበር።

በጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ጀስት ኤ ባንድ የተባለ የሙዚቃ ቡድን በሠራው ቪዲዮ ማክሜንዴ የሚባል ጀግና አገሩን አጥለቀለቀው። ኬንያውያን ስለ እርሱ ዊኪፒዲያ ላይ ሲጽፉ ተሰረዘ፤ ደግመው ጻፉ፣ እንደገና ተሰረዘ። የውጭ ትላልቅ መገናኛ ብዙኃን ሲጽፉበት ገጹ ቆየ። ናይሮቢ ላይ ሁሉም የሚያወራለት ነገር መኖሩ የተረጋገጠው ከሩቅ ያለ ሰው ሲያወራለት ነው።

ወደ እኛ ሰፈርም መምጣቴ አልቀረም። እኛ ስለ ፍለጋ ሞተር የሚጽፍ አንጋፋ ድረ-ገጽ የለንም። ነገር ግን ከፍለጋ በፊት የነበርን ትውልድ መረጃ የምናገኝባቸው ድረ-ገጾች ነበሩን፤ ሳይበር ኢትዮጵያ፣ ኢትዮሚዲያ፣ ናዝሬት ዶት ኮም። ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ በደቂቃ የከፈለ ሰው ያስታውሳቸዋል። ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የሚነዳውም፣ ጄኔቫ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም የሚጨቃጨቁት እዚያ ነበር። ለመዝገብ ይገባሉ ወይ? ልቤ አዎ ይላል። በዚያው በ31ዱ ሊንኮች ሚዛን ላይ ሳስቀምጣቸው ግን የማቀርበው ምስክር ይጠበኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከእነዚህ አንዳንዶቹ አገር ውስጥ ሲዘጉ የጋዜጠኞች መብት ተሟጋቹ ሲፒጄ ዘግቦት ነበር። በእንዲህ ያለ ሪፖርት ውስጥ ስም መጠቀስ ግን ያው ስም መጠቀስ ነው፤ ማን መሠረተው፣ ማን ጻፈበት፣ በምን ገንዘብ ኖረ የሚለውን አይመልስም። ዞን ዘጠኝ የሚባለው የጦማሪያን ስብስብ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ምስክር የበዛለት እ.ኤ.አ. በ2014 አባላቱ ሲታሰሩ ነው። ከእኛ አገር ወደ መዝገብ የሚያስገባው አጭሩ መንገድ መታሰር ሆኖ መቅረቱ ያናድደኛል።

ጥፋቱን ሁሉ ዊኪፒዲያ ላይ መጫን ግን አይሆንልኝም። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ምንጩ እንግሊዝኛ ይሁን አይልም፤ ኢንተርኔት ላይ ይገኝም አይልም። በአማርኛ የታተመ የ1990ዎቹ ጋዜጣ፣ ቀኑና ገጹ ከተጻፈ፣ ምንጭ ነው። የጎደለው የት ላይ እንደሆነ እኛ ጋዜጠኞች እናውቃለን። ብዙው ዜናችን ስብሰባ ነው፤ አዳራሽ፣ ባነር፣ አበል፣ መግለጫ። ድርጅቱ የሰጠንን ወረቀት አራት ጋዜጣና ሦስት ሬዲዮ እናወጣዋለን። ከላይ የሳቅኩባቸው ሰባቱ ሊንኮች ከዚህ በምን ይለያሉ? ባለጉዳዩ ያላዘዘው፣ ባለጉዳዩ የማይወደው ጥያቄ ያለበት፣ የቀድሞ ሠራተኛ የተጠየቀበት ጽሑፍ ስንት አለን? አንድ የክፍለ አገር መጽሔት ሪፖርተር ስለ አንድ ተራ ድረ-ገጽ የሠራውን ያህል ስለ ባንኮቻችን፣ ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ስለ ሙዚቃ ቤቶቻችን የሠራነው ምን ያህል ነው?

የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ገጽ አለው፤ እንግሊዝኛው 7 ሚሊዮን ገደማ። ልዩነቱ በጸሐፊ ቁጥር ብቻ የሚመጣ ይመስለን ይሆናል። እኔ ግን ፈቃደኛ ጸሐፊ ነገ በሺህ ቢመጣ ምን ጠቅሶ ይጻፍ የሚለው ያሳስበኛል። ያለን ጥቂት ምንጭም ቢሆን ተበትኗል። ጦቢያ፣ ኢትኦጵ፣ አስኳል፣ ምኒልክ የጻፉት ጎግል ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም። የሚገኘው ወመዘክር፣ ስድስት ኪሎ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ወይም በአንዳንድ ሰው ቤት አልጋ ሥር ነው። ስለዚህ ለፍለጋ ሞተር ያልተጻፈ፣ ማንም ከፊት እንዲያወጣው ያልከፈለበት፣ ባዕድ ምስክር ያለው ጽሑፍ አለን፤ ፍለጋው ብቻ አይደርስበትም።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ነገር ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከአሮጌ ጋዜጦች ጋር እቀመጣለሁ። ስለ መጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ድረ-ገጾች፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርኔት አገር ውስጥ ሲገባ ስለነበረው ክርክር፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ኢንተርኔት ካፌዎች የተጻፈ ካገኘሁ የጋዜጣውን ስም፣ ቅጹን፣ ቀኑን፣ ገጹን እመዘግባለሁ። አስተያየት ጽሑፍ ከሆነ አስተያየት ብዬ፣ የድርጅት መግለጫ ከሆነ መግለጫ ብዬ ለይቼ። እስካሁን የሞላሁት አንድ ደብተር አይሞላም።

እናንተ ዘንድ ያለ ካለ፣ ዲሲም ሁኑ ቴል አቪቭ፣ ዱባይም ሁኑ ደሴ፣ ፎቶ አንሥታችሁ በዚህ ቻናል ሥር ላኩልኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑና የገጹ ቁጥር ይታይ። ጽሑፉን ብቻ ቆርጣችሁ አትላኩት።